የታኅሣሥ መንገድና የገና ማዕድ በራያ ቆላ

ለጆሮ የተሰናዳውን ንግግር ዛሬ ለዓይናችሁ ስናቀርብ ነገራችንን ከአንድ ቃል እንጀምራለን። ቃሉም «ክረምት» የሚለው ነው። የፈረንሳይን አገር መጻሕፍት ወደ ቋንቋችን የሚመልሱ ሰዎች «ኢቬር» የሚለውን ቃል ክረምት ብለው ይተረጕሙታል። ከመዝገበ ቃላት አንጻር ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን በአንባቢው ልብ ውስጥ የሚሥለው ሥዕል ከነገሩ የራቀ ነው። እኛ ክረምት ስንል ጭቃው፣ ጉሙ፣ የሞላው ወንዝና የተዘጋው መንገድ ይታየናል። ፈረንሳዊው ገበሬ ግን ኢቬር ሲል ብርድ የጸናበትን፣ እርሻው ያረፈበትን፣ ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ አገሩ ጸጥ ያለበትን ወራት ማለቱ ነው።

በዚያ ወራት የፈረንሳይ ባላገር ሁለት ነገር ያደርጋል ይባላል፤ ይራመዳል፣ ይበላል። እርሻ ስለሌለ እግሩ ነጻ ነው፤ ስለዚህ ከቤተ ዘመዱ ጋር በጠፍ መሬትና በደን ዳር እየተዘዋወረ የአገሩን ጸጥታ ያዳምጣል። ሲመሽ ደግሞ ጎረቤት ከጎረቤት በምድጃ ዙሪያ ተሰብስቦ ተረት ይነጋገራል። የልደት ዋዜማ በደረሰ ጊዜ ከእኩለ ሌሊት ቅዳሴ መልስ «ሬቬዮን» የሚባለውን ታላቅ እራት ይመገባል። በጥር 6 ቀን እንደ አገራቸው አቆጣጠር፣ ሰብአ ሰገል በሚታሰቡበት ዕለት፣ በውስጡ አንዲት የባቄላ ፍሬ የተደበቀችበት ኅብስት ይቆረሳል፤ ፍሬዪቱ የደረሰችው ሰው ለዚያ ቀን ንጉሥ ይባላል። ልጅም ቢሆን፣ አሽከርም ቢሆን፣ ዘውዱ የእርሱ ነው።

እንግዲህ አንባብያን ሆይ፤ ይህን ስታነቡ «ምን ያማረ ልማድ ነው፤ ለእኛ ግን ሩቅ ነው» ብላችሁ መጽሐፉን እንዳትዘጉ። ሩቅ አይደለም። የእኛም አገር ጸጥ ያለ የእግር መንገድና ከመንገዱ ማዶ የሚጠብቅ ማዕድ አለው፤ ስሙን ብቻ በሌላ ወር ስንፈልገው ጠፋን። በባሕረ ሐሳባችን እንደ ተጻፈው ዓመቱ በአራት ወቅቶች ይከፈላል። መስከረም 26 ቀን የገባው መፀው ታኅሣሥ 25 ቀን ይወጣል፤ በማግሥቱም ሐጋይ፣ ማለት በጋ ይገባል። በጋ ከገባ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ታኅሣሥ 29 ቀን፣ ገና ይከበራል። በፈረንሳይም የብርዱ ወቅት የሚጀምረው ፀሐይ ቀኑን ከሁሉ በምታሳጥርበት ዕለት ሲሆን፣ የእነርሱ ልደት ከዚያ ጥቂት ቀናት ቈይቶ ይውላል። በሁለቱም አገር ወቅቱ የሚከፈተው በበዓል ነው፤ በዓሉም የሚደርሰው የገበሬው እጅ ባረፈበት ጊዜ ነው። ልዩነቱ፣ የእነርሱ ምድር በበረዶ ሥር ሲተኛ የእኛ በፀሐይ ሥር መተኛቱ ብቻ ነው።

ይህ ነገር እንዴት እንደሆነ ለማየት ወደ ሰሜን ወሎ፣ ወደ ራያ ቆላ እንውረድ። ከወልድያ ከተማ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው የአላ ውኃን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ጎብዬ ይደርሳል፤ ከጎብዬም በሮቢት በኩል አልፎ ወደ ቆቦ ይዘልቃል። በግራው የላስታና የግዳን ተራሮች እንደ ግንብ ቆመዋል፤ በቀኙ የዞብል ሰንሰለት አለ፤ ከዞብል ማዶ ምድሩ ወደ አፋር ይወርዳል። በሁለቱ መካከል የተዘረጋው ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,500 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ያለው፣ አፈሩ ከተራራው በጎርፍ ታጥቦ የወረደ፣ ጥልቅና ለም አገር ነው። ጎሊናንና ሆርማትን የመሰሉ ወንዞች ከደጋው ደለል እያመጡ ይመግቡታል።

የዚህ ሜዳ ጌታ ማሽላ ነው። ዝናሙ ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ በበልግና በክረምት። በልጉ ጥሩ የሆነ እንደሆነ ገበሬው ቀስ ብለው የሚደርሱትን ነባር ማሽሎች፣ እነ ደጋሊትንና እነ ጅጉርቴን፣ በሚያዝያ ይዘራል፤ እነርሱም ክረምቱን ሁሉ አድገው ከሰው ቁመት በላይ ይሆናሉ። ዝናሙ ያልበቃ እንደሆነ ሰውየው እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ በአፈርና በቅርንጫፍ ጠልፎ በቦይ እየመራ ወደ ማሳው ያገባዋል። ይህ ጥበብ ከአባት ወደ ልጅ የመጣ ነው። ውኃው ለማን ቀድሞ፣ ለማንስ ቀጥሎ እንደሚደርስ የሚወሰነው በስምምነት ነውና፣ ጎርፍ ጠለፋ እርሻ ብቻ ሳይሆን የአስተዳደር ትምህርትም ነው።

ጥቅምትና ኅዳር የጭንቀት ወራት ናቸው። ማሽላው ፍሬ ይዟል፤ ወፍም ያውቃል። ልጆች በማሳው መካከል በተሠራው ማማ ላይ ወጥተው ከንጋት እስከ ማታ በወንጭፍና በጩኸት ይጠብቃሉ። በዚህም ወራት ቢሆን ደስታ አይታጣም፤ እሸቱ በእሳት ይጠበሳል፣ አገዳው የሚጣፍጠው ጥንቅሽ እየተላጠ ይመጠጣል። ከዚያ በኋላ ቆረጣው ይመጣል፤ ሰው በደቦና በወንፈል ተጠራርቶ ራስ ራሱን ይቆርጣል፣ ክምሩ ይከመራል፣ አውድማው ይለቀለቃል፣ ምርቱ ይወቃል። ግመልና አህያ እህሉን ወደ ቤት ያግዛሉ። አገዳው ለከብትና ለማገዶ ይቀመጣል፤ እህሉ ከፊሉ ወደ ጎተራ፣ ከፊሉ በምድር ውስጥ ወደ ተቆፈረው ጉድጓድ ይገባል። ጉድጓዱ አፉ ተከድኖና አፈር ተመልሶበት፣ የት እንደሆነ ባለቤቱ ብቻ የሚያውቀው ባንክ ይሆናል።

እነሆ፣ ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ በታኅሣሥ ሜዳው ጸጥ ይላል። ወፍ የሚጠብቅ ልጅ የለም፤ ከአውድማ የሚሰማ ድምፅ የለም። ከብቱ በተለቀመው ማሳ ውስጥ ተበትኖ ገለባ ይለቅማል። ሰማዩ ንጹሕ ነው፤ ጧት ይበርዳል፣ ቀን ይሞቃል፣ ማታ ተመልሶ ይበርዳል። ሰው ዘመድ ለመጠየቅ፣ ጠብ ያለውን ለማስታረቅ፣ ልጅ ለማጨት፣ ስለት ለማድረስ የሚነሣው በዚህ ጊዜ ነው። ፈረንሳዊው በብርዱ ወራት የሚራመድበት ምክንያትና የራያው ሰው በታኅሣሥ የሚራመድበት ምክንያት አንድ ነው፤ ምድር ሥራውን ስትለቅለት እግሩ የራሱ ይሆናል።

ከመንገዶች ሁሉ የሚበልጠው ግን ወደ ላሊበላ የሚወስደው ነው። የቅዱስ ላሊበላ የልደት መታሰቢያ ከጌታ ልደት ጋር በአንድ ቀን በመዋሉ፣ ገና በላሊበላ እጥፍ በዓል ነው። ስለዚህ ከቆላው የሚነሣው ተሳላሚ በጾመ ነቢያት መካከል ስንቁን ቋጥሮ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ተራራው ፊቱን ያዞራል። ጾም ነውና ቅቤ የነካው ነገር በስልቻው ውስጥ አይገባም፤ ያለው በሶ፣ ቆሎ፣ ደረቅ እንጀራና በቅል የተያዘ ውኃ ነው። ነጠላውን ይደርባል፣ በትሩን ይይዛል፤ ሽማግሌው ከፊት፣ ልጆቹ ከኋላ ሆነው ይነሣሉ።

አንባብያን ሆይ፤ ይህን አቀበት በልባችሁ ውጡት። ከ1,500 ሜትር ቆላ ተነሥቶ፣ በግዳን ተራሮች ላይ አልፎ፣ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ወደምትገኘው ላሊበላ የሚያደርሰው መንገድ በአንድ ጉዞ ውስጥ ብዙ አገር ያሳያል። መጀመሪያ ግራር፣ ቀጥሎ ወይራና ጥድ፣ ከዚያም የገብስ ማሳና ውርጭ የነካው ሣር። ከላሊበላ በላይ ቁመቱ ከ4,200 ሜትር የሚያልፈው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ይታያል። ቆለኛው በብርድ ይንቀጠቀጣል፤ ደገኛውም አይቶ ይስቅበታል፣ ስቆም ወደ እሳቱ ያስጠጋዋል። በጠባቡ መንገድ ሰው በአንድ መስመር ስለሚሄድ ወሬ አይበዛም፤ የሚሰማው የበትር መውደቅና የትንፋሽ ድምፅ ነው። በደረሱበት መንደር «የእግዚአብሔር እንግዳ ነን» ይላሉ፤ ባለቤቱም «ቤት ለእንግዳ» ብሎ ያስገባቸዋል። በወሎ ምድር ይህን የሚለው ክርስቲያኑ ብቻ አይደለም፤ እስላሙም ለጾመኛ እንግዳው የሚሆነውን ያውቃልና፣ ወተቱን አስቀርቶ ሽሮውንና ንፍሮውን ያቀርባል። የሌላውን ጾም ማክበር በዚህ አገር ሕግ ሆኖ ያልተጻፈ ሕግ ነው።

በዚያ አካባቢ የተጓዘ፣ ያየውንም ጽፎ ያስቀረልን የውጭ አገር ሰው የፖርቱጋሉ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። ከአምባሳደሩ ከሮድሪጎ ዴ ሊማ ጋር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1520 ምጽዋ ገብቶ እስከ 1526 በአገራችን ቈየ፤ መጽሐፉም በ1540 በሊዝቦን ታተመ። በዚያ ዘመን ዛሬ ራያና የጁ በምንለው አገር አካባቢ አንጎት የሚባል ግዛት ነበረ። በቆላው ወገን ደግሞ ዶባ የሚባሉ ሕዝቦች ነበሩ፤ ዐፄ በእደ ማርያም በ15ኛው ክፍለ ዘመን እንደ ዘመቱባቸው በዜና መዋዕላቸው ተጽፏል፤ አልቫሬዝም የእነርሱ ነገር በደጋው ሰው ዘንድ እንዴት ይፈራ እንደ ነበረ ይናገራል።

አልቫሬዝ በአንጎት ገበያ ያየው ነገር ለእናንተ ለመንግሥት ሠራተኞች ደስ የሚያሰኝ ነው። በዚያ አገር አካፋ የመሰለ ብረት እንደ ገንዘብ ይሠራበት ነበር። ከብረቱም ጋር አሞሌ ጨው ይመነዘር ነበር፤ ጨው ከተቆረጠበት ቦታ በራቀ መጠን ዋጋው እየወጣ እንደሚሄድ ቄሱ አስተውሎ ጽፎታል። እንግዲህ ነጋዴው የሚያተርፈው በመራመድ ነበር ማለት ነው። ከአፋር ቆላ እስከ ደጋው ያለው የእግር መንገድ በራሱ ዋጋ ነበረው።

ከሁሉም ይልቅ ለዛሬው ነገራችን የሚጠቅመው የግብዣው ታሪክ ነው። የአንጎት ገዥ ፖርቱጋሎቹን በቤቱ ጠርቶ አስቀመጣቸው። ልዩ ልዩ እንጀራና ዳቦ ቀረበ፤ ጥሬ የበሬ ሥጋ ቀረበ፤ ከከብት ሐሞት የተሰናዳ ማባያም ቀረበ። ጠጁ ያለ ዕረፍት ይዞር ነበር። እንግዶቹ ጥሬውን ሥጋ ሊቀምሱ አልደፈሩም። ቄሱ የጻፈው እንደ እንግዳ ሰው በመደነቅ ነው፤ እኛ ግን ስናነበው ቤታችንን እናያለን። ሐሞትን ከሥጋ ጋር የማቅረብን ልማድ ዛሬም የምታውቁ ከመካከላችሁ ትኖራላችሁ። ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ ጌቶቹ ተለውጠዋል፣ የግዛቱ ስም ጠፍቷል፤ የእንግዳው ፊት ማዕድ ግን አልጠፋም። በታሪክ ውስጥ ረዥም ዕድሜ የሚኖረው ግንብ ብቻ አይደለም፤ ወጥ ቤትም ይኖራል።

አልቫሬዝ ላሊበላንም አይቷል። ስለ ፍልፍሎቹ አብያተ ክርስቲያናት ከጻፈ በኋላ፣ ያገሬ ሰው አያምነኝም ብሎ ከዚያ በላይ መጻፍ እንደ ሰለቸውና የጻፈውም እውነት እንደሆነ በመሐላ አረጋግጧል። የእኛ ተሳላሚ ግን መሐላ አላስፈለገውም፤ በእግሩ ሄዶ በዓይኑ አየ፤ አይቶም ለልጁ ነገረ።

ከዚያ ወዲህ አገሩ ብዙ ተናወጠ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የግራኝ አሕመድ ጦር አለፈበት፤ ቀጥሎም የኦሮሞ ሕዝብ ፍልሰት ደረሰ፤ ራያ የሚለውም ስም የመጣው ከዚሁ ሕዝብ ነገድ ስም ነው። ዐማራው፣ ትግሬው፣ ኦሮሞው፣ አገው፣ አፋሩ በዚህ ሜዳና በዳርቻው ተገናኝቶ ተዋጋ፣ ተጋባ፣ ተገበያየ። ታሪክ ጸሐፊ የሚያየው ጦርነቱን ነው፤ ሴቶቹ በምጣዱ ላይ ያስማሙትን ነገር ግን የሚጽፍ አልተገኘም።

አሁን ወደ በዓሉ እንመለስ። በላሊበላ የገና ጧት ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ፣ ከፊሎቹ በዐለቱ አፋፍ ላይ፣ ከፊሎቹ በታች በዐጸዱ ቆመው «ቤዛ ኵሉ» የሚባለውን ያሸበሽባሉ። ከላይ ያሉት የመላእክት፣ ከታች ያሉት የእረኞች ምሳሌ ናቸው ይባላል። ከቆላ የመጣው የከብት ጠባቂ ልጅ ይህን ሲያይ ነገሩ ስለ እርሱ እንደሆነ ያውቃል፤ የምሥራቹን መጀመሪያ የሰሙት እረኞች ናቸውና።

እቤት የቀረው ደግሞ በየደብሩ አስቀድሶ ይመለሳል። ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ የተጾመው ጾም ተፈታ፤ በዓሉ ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውል እንኳ ገና ነውና ይበላል። ቤት ሣር ይጐዘጐዝበታል፣ ዕጣን ይጤሳል። ድፎው ይቆረሳል፤ ቆራሹም የቤቱ ታላቅ ነው፣ መጀመሪያ ይመርቃል። የማሽላው እንጀራ በሞሰብ ይቀርባል፤ ዶሮው፣ የበግ ወጡ፣ ዱለቱ ይከተላል። ጠላው ከዚያው ከአዲሱ ማሽላ የተጠመቀ ነው። ከደጅ ወንዶች ልጆች በተለቀመው ማሳ ላይ ሩሯን በገና በትር ያሳድዳሉ፤ በገና ጨዋታ ጌታ አይቈጣም ይባላልና፣ በዚያ ቀን ታናሹ ታላቁን ቢገፋው ይቅር ይባላል። ፈረንሳዊው በባቄላዋ ፍሬ ለአንድ ቀን አሽከሩን እንደሚያነግሥ፣ የእኛም ገና በበትሩ ለአንድ ቀን ጌታና አሽከርን እኩል ያቆማል። ሁለት ሕዝብ ሳይመካከሩ አንድ ነገር ያሰቡበት ሥፍራ ይህ ነው።

እስላሙ ጎረቤት አይረሳም። ሥጋው በየሃይማኖቱ የተለየ ነውና፣ አስተዋይ ባለቤት ለእስላም ወዳጆቹ በእነርሱ እጅ የታረደውን ለብቻው ያሠራላቸዋል፤ ወይም ሥጋ በሌለበት ምግብና በቡና ይቀበላቸዋል። በኢድ ጊዜም ብድሩ ይመለሳል። ቡናው ግን የሁሉም ነው፤ ሲኒው ሃይማኖት አይጠይቅም።

አንባብያን ሆይ፤ እስካሁን ያማረውን ብቻ ነግረናችኋል። እንዲህ ብለን ብንጨርስ ግን ታሪክ ሳይሆን ተረት ጽፈን እንቀራለን። የማዕዱ ክብር የሚታወቀው ማዕዱ የጠፋበትን ቀን ለሚያስታውስ ሰው ነው።

ፈረንሳዮች ይህን ያውቁታል። በ1709 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የደረሰው ታላቁ ብርድ ወይናቸውንና ስንዴያቸውን አቃጠለ፤ በዚያ ዓመትና በማግሥቱ በረኃብና በበሽታ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው እንዳለቀ የታሪክ ሊቃውንት ይገምታሉ። ዛሬ በምድጃው ዙሪያ የሚጠግበው ሰው የዚያ ዘመን ልጅ ነው። በእኛም በ1880ዎቹ መጀመሪያ ከብቱ በበሽታ አለቀ፤ በሬ ሲጠፋ እርሻ ጠፋ፣ እርሻ ሲጠፋ ሰው አለቀ፤ ዘመኑም «ክፉ ቀን» ተባለ። በ1965 ዓ.ም. በልጉ ቀረ፤ ከራያና ከየጁ፣ ከወሎ ቆላ ሁሉ ሕዝቡ ወደ ደሴ መንገድ ወጣ።

በዚህ ላይ ጥቂት እንቁም። የሕዝቡ መከራ ሲበዛ ወሬው ተሸፍኖ ቈይቷል፤ እርዳታውም ዘግይቷል። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ያነሣው ፊልም በአገሩ በቴሌቪዥን ሲታይ ዓለም ሰማ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ከዐሥር ዓመት በኋላ በ1977 ዓ.ም. ከቆቦ ሜዳ በላይ ባለው ደጋ፣ በኮረም፣ እንደገና እጅግ ብዙ ሕዝብ ተሰብስቦ እህል ሲጠብቅ ሞተ። በታኅሣሥ ለዘመድ ጥየቃ የሚሄድበት ያው መንገድ የመጨረሻው መንገድ የሆነለት ሰው ስንት ነው! ማሽላው የማይታፈስበት ታኅሣሥ ጸጥታው ሌላ ዓይነት ጸጥታ ነው። ሁለቱን ጸጥታዎች ለይቶ የሚያውቀው ግን በመኪና የሚያልፈው አይደለም፤ በእግር የሚያልፈው ነው።

በመኪና የሚታለፈው መንገድ ታሪክም አጭር ነው። ኢጣልያኖች ከ1928 ዓ.ም. በኋላ ከአዲስ አበባ በደሴ፣ በወልድያ፣ በቆቦ፣ በአላማጣ፣ በኮረምና በማይጨው አልፎ አሥመራ የሚደርሰውን የመኪና መንገድ ሠሩ። የሠሩት ለጦራቸው ነው፤ ሕዝቡ ግን ለገበያው አደረገው። በዚያው በ1928 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከማይጨው ጦርነት ሲመለሱ፣ ጠላት በላያቸው እያለ፣ ከጥቂት ሰዎች ጋር ወደ ላሊበላ ታጥፈው በጸሎት ቈይተዋል። ንጉሥም ቢሆን በጭንቁ ቀን የያዘው የተሳላሚውን መንገድ ነበር። ከዚያ ወዲህ መኪናው በሜዳው ይሮጣል፤ የእግሩ መንገድ ወደ ተራራው መውጣቱን አልተወም። ዛሬ ላሊበላ በአውቶቡስና በአውሮፕላን ይደረሳል፤ ይሁንና በእያንዳንዱ ገና በእግሩ የሚመጣ አይጠፋም።

ስለ ጎብዬ ስም አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። አቀንጭራ የሚባለው አረም ሥሩን በማሽላው ሥር ላይ ተክሎ ደሙን እንደሚመጥ አልቅት ነው፤ አበባው ያምራል፣ ማሳውን ግን ያጠፋል። አንድ ተክል እጅግ ብዙ ጥቃቅን ዘር ያፈራል፤ ዘሩም በአፈር ውስጥ ብዙ ዓመት ተኝቶ ይጠብቃል። የማሽላው ሥር ኬሚካላዊ ምልክት ሲልክ ይነቃል። ከምዕራብ ሸዋ የተነሡት ሊቅ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ከባልንጀሮቻቸው ጋር ይህን ምልክት የማይልኩ፣ ወይም እጅግ ጥቂት የሚልኩ ማሽሎችን አዳቀሉ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. በኢትዮጵያ ለገበሬ ከተለቀቁት መካከል አንደኛው «ጎብዬ»፣ ሁለተኛው «አብሽር» ተባለ። ሊቁም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። እንግዲህ በወልድያና በቆቦ መካከል ያለችው የትንሿ ከተማ ስም ዛሬ በሳይንስ መጻሕፍት ውስጥ የእህል ስም ሆኖ ይነበባል። ከዚህ የበለጠ ሐውልት አለን?

ነገር ግን ትርፉ ያለ ኪሳራ አልመጣም። በልጉ እየከዳ ሲሄድ፣ በሚያዝያ የሚዘሩት እነ ደጋሊት ቦታቸውን በክረምት ተዘርተው ፈጥነው ለሚደርሱት መልቀቅ ጀመሩ። ፈጥኖ የሚደርሰው ከረኃብ ያድናል፤ ነባሩ ግን አገዳው ረዥም ነውና ከብቱን ይመግባል፣ ቤቱን ይከድናል፣ እንጀራውም በባለቤቱ ምላስ የተፈተነ ነው። አንዱን ስናነሣ ሌላውን መጣል አያስፈልግም፤ የአዲሱ ዘር እናት አሮጌው ዘር ነውና።

የቅርቡንም መከራ እናንሣ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ወደዚህ ሜዳ ወረደ፤ ቆቦ፣ ጎብዬ፣ ወልድያ፣ ላሊበላም ሳይቀር ተያዙ። በዚያ ዓመት ማሽላው የደረሰው ሰው ከማሳው በተለየበት ጊዜ ነበር። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጦሩ ከአካባቢው ወጣ፤ ጥቂት ቀናት ብቻ ቈይቶ ታኅሣሥ 29 ቀን ገና በላሊበላ ተከበረ። ተሳላሚው ተመልሶ መጣ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በቆቦ በኩል እንደገና ተቀሰቀሰ፤ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ተፈረመ። በእነዚህ ዓመታት ስንት ጉድጓድ ባዶውን እንደ ቀረ፣ በስንት ቤት ድፎውን የሚቆርሰው አባት ከሥፍራው እንደ ታጣ ቤቱ ያውቀዋል።

ክቡራን አንባብያን ሆይ፤ ይህን ሁሉ የምንነግራችሁ በቢሮ ለምትውሉት ለእናንተ የሆነው በምክንያት ነው። በጠረጴዛችሁ ላይ ስለዚህ ሜዳ ወረቀት ይመጣል፤ ኵንታሉ፣ ሄክታሩ፣ የነፍስ ወከፉ ቊጥር ይሰፈራል። ቊጥሩ ያስፈልጋል። ነገር ግን ቊጥር የማይናገረው ነገር አለ። በ1965 ዓ.ም. የጎደለው ወረቀት ብቻ አልነበረም፤ ወረቀቱን እንደ ሰው ፊት የሚያነብ ዓይን ነበር። በአንድ ታኅሣሥ በዚያ መንገድ በእግሩ የሄደ፣ በማያውቀው ሰው ቤት አድሮ ንፍሮ የቀመሰ ጸሐፊ፣ «የበልግ ዝናም ጠፍቷል» የሚል አንድ መስመር በመዝገቡ ሲያይ እጁ ወደ ማኅተሙ ሳይሆን ልቡ ወደዚያ ቤት ይሄዳል።

ስለዚህ በመጪው በጋ የዓመት ፈቃድ ስትወስዱ ምክራችንን ስሙ። ወደ ትውልድ አገራችሁ ስትሄዱ መኪናው እስከሚደርስበት ብቻ አትሂዱ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን በእግር ጨርሱት። አባቶችን ስለ ዘሩ ስም ጠይቁ፤ እናቶችን ስለ ጠላው አጠማመቅ ጠይቁ፤ ጉድጓዱ የት እንደሆነ ግን አትጠይቁ፤ እርሱ የቤቱ ምሥጢር ነው። የሰማችሁትን ጻፉት። በማዕድ ስትቀመጡም ከቆራሹ ምርቃት በፊት እጃችሁን አትዘርጉ፤ በዚያ ምርቃት ውስጥ የሚነሣው ዝናም፣ ከብት፣ ሰላምና የጎረቤት ጤና ነው፤ ይህም የአገር አስተዳደር ሁሉ ማጠቃለያ ነው።

የፈረንሳይ ባላገር በበረዶው መካከል ተራምዶ ወደ ምድጃው ሲመለስ ደስታው የሚፈጸመው በሩን የሚከፍትለት ሰው ሲኖር ነው። የራያውም ተሳላሚ ከላስታ ተራራ ወርዶ፣ ጥምቀት ጥር 11 ቀን ሳይደርስ ከመንደሩ ሲገባ፣ ከሩቅ የሚያየው የቤቱ ጭስ ነው። ጭሱ ካለ ሁሉም አለ። ያ ጭስ በጎብዬ፣ በቆቦና በአገራችን ሜዳ ሁሉ ከዓመት እስከ ዓመት እንዳይጠፋ፣ የሚጸልየው ይጸልይ፤ የሚሠራውም ይሥራ።